ላስቲክ የለበሰው ግድግዳ

ወንድሜ ግድግዳ የሚያውቅ ሰው አይደለም። የሚያውቀው ስልኩን ነው። ስልኩ ውስጥ ደግሞ በረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች የድንጋይ ቤታቸውን ከውስጥ ፎም እያለበሱ ሙቀት ሲያስቀሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘ። እኛ ያለነው ድሬዳዋ ነው፤ ሙቀቱ እንዲሄድልን እንጂ እንዲቀርልን ለምነን አናውቅም። እሱ ግን፣ "አቦ ያው ነው፤ ብርድ የማያሳልፍ ነገር ሙቀት ያሳልፋል እንዴ?" ብሎ ዘጋኝ።

ነገሩ ቀልድ የማይሆነው ለእናታችን ነው። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ሳለ የገባንበት ይህ ወፍራም የድንጋይ ቤት አገሯ ነው። ባለፈው ግንቦት ሙቀቱ አዝለፍልፎ ከጣላት ወዲህ ግን ወንድሜ ሳቢያን፣ እሱ ቤት ሊወስዳት ቆርጧል። "ወይ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ወይ አንቺ ትመጫለሽ" አላት። እናቴ ሳቢያንን አትጠላም። "ጥሩ ሰፈር ነው" ትላለች፤ "ለሚኖርበት ሰው።"

ስለዚህ ክፍሉ እንዲቀዘቅዝ ተወሰነ። ከታይዋን ገበያ ኤሲ ተገዛ፤ ከቀፊራ በጋሪ ፎምና ጥቅል ላስቲክ መጣ። ወንድሜ ድንጋዩ ላይ ፎሙን ለጠፈ፣ ፎሙ ላይ ላስቲኩን ወጠረ፣ በላዩ ችፑድ በምስማር መትቶ ቀለም ቀባው። የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ ደፈነ። ሲጨርስ የብስኩት ካርቶን ውስጥ የገባን መሰለኝ። ሐቁን ለመናገር ግን ቀዝቅዟል።

ወንድሜ በሒሳቡ ያላስገባው እኛን ነው። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ወለሉን ውሃ ሳይረጩ መዋል የሚባል ነገር የለም። ኤሲ ገባ ተብሎ ማን ይተዋል? እናቴ በባልዲ ትረጫለች፣ እኔ በመወልወያ እገፋለሁ፤ ውሃውም ወደ ግድግዳው ጥግ ይሄዳል። ድሮ ድንጋዩ ይጠጣውና፣ በመስኮት የሚገባው ነፋስ እስኪመሽ ያደርቀው ነበር። አሁን የጠጣውን የት ይትፋው? ፊቱ ላይ ላስቲክ ታስሮበታል።

መጀመሪያ የረጠበ ፎጣ ሽታ መጣ። ከዚያ በችፑዱ ግርጌ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። እናቴ ከእኔ ቀድማ አይታው ኖሮ በበረኪና ጠረገችው፤ ሲመለስ የልብስ ሳጥኗን አስጠጋችበት፤ ከሳጥኑ በላይ ሲወጣ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለችበት። ስታስል ምን ሆነሽ ካልኳት፣ "ኤሲው ነው" ትላለች። እሁድ ወንድሜ ሲመጣ ግን ሳሏን በነጠላዋ አፍና፣ "ቅዝቅዝ ብሎልኛል፣ እጅህ ይባረክ" ትለዋለች። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በዓይኗ ትቆጣኛለች። እሱም በሥራው ረክቶ ግድግዳውን እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ ያደርገዋል።

አንድ እሁድ መታ መታውን አበዛው። ችፑዱ ከነቀን መቁጠሪያው ተገንጥሎ ሳጥኑ ላይ ወደቀ። ላስቲኩ ውሃ ቋጥሮ ሆዱ ተነፍቷል፤ ከጀርባው ፎሙ ጠቁሯል፤ ድንጋዩ በላብ ተጠምቋል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የላስቲኩን ሆድ በጣቱ ጫን አደረገው።

"ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ አቦ?"

"ያስገባነው እኛ፣ መውጫ የከለከልከው አንተ" አልኩት።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። "እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ ነው" አለች። "ካየኸው ትወስደኛለህ ብዬ።"

በገዛ ቤቷ ነጠብጣብ ስትደብቅ የከረመችው ከልጇ ነው። ወንድሜም አቀርቅሮ የወደቀውን ምስማር መልቀም ጀመረ።

በማግስቱ ሁሉንም ገነጠልነው። መስኮቱ ተከፈተ፤ ግድግዳው ራቁቱን ቆሞ እስኪደርቅ ጠብቀን ኖራ ብቻ ቀባነው። ያልጠቆረውን ፎም ወንድሜ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ዘረጋው፤ ለካ ዋናው ሙቀት የሚወርደው ከዚያ ነው። አሁን ለመጣ ሰው ሁሉ፣ "እኔ ድሮም ጣራውን ነበር ያልኩት" እያለ ያስረዳል።

ክፍሉ ደህና ነው። እናቴ ውሃዋን የምትረጨው በረንዳ ላይ ሆኗል፤ ሳሉም ለቋታል፤ ሳቢያንን ያነሳባት የለም። እሁድ እሁድ ግን፣ ወንድሜ ከመድረሱ በፊት፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ ትዳስሳለች።

"ደረቅ ነው እማዬ" እላታለሁ።

"አውቃለሁ" ትላለች፤ እጇን ግን አታነሳም።