መሪ በተቅማጥ አይሞትም

የያዙኝ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ የግሉኮስ ጠርሙስ ስሰቅል ነው። ሁለት ታጋዮች መጥተው «ጓድ፣ ለአንድ ሰዓት ትፈለጋለህ» አሉኝ። ጠርሙሱን ለአንዲት የታማሚ እናት አስይዤ «አሁን እመለሳለሁ፣ ክንድሽ እንዳይዝል» ብያት ወጣሁ። ያ አንድ ሰዓት ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው አለቀ።

ያሰሩኝ ከገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቀድሞ የዱራ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ዱራ ሱዳኖቹ ማሽላን የሚጠሩበት ስም ነው። ግድግዳው ጡብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ ከጣሪያው ሥር መዳፍ የሚያካክሉ ሦስት ቀዳዳዎች ብቻ አሉት። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰውን በሚፈጅበት ጊዜ እኛ እህል ጎተራ ውስጥ ተርበን ተኝተናል። የመጀመሪያው ቀን ይህን አስቤ ለብቻዬ ሳቅሁ። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀሩ ፍሬዎች ነበሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት እነርሱንም ለቅመን ጨረስናቸው።

ጥፋቴ አንድ ሰው ሲሞት ማየቴ ነው።

ድርጅታችን ትንሽ ነበር፤ ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ብዙ ሰው አይገኝም። ሊቀመንበሩ ግን በዚያን ጊዜ ከጎንደር ቆላ እስከ ሱዳን ወሰን ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። ከድንበር ማዶ የሚጎርፈውን ስደተኛ ለማየት፣ እኔ በድሬሰርነት ወደምሠራበት መጠለያ መጣ። ለእርሱ የፈላ ውሃ ለይተው አቅርበውለት ነበር። «ሰዉ የሚጠጣውን እጠጣለሁ» ብሎ ከበርሜሉ ቀድቶ ጠጣ። በማግስቱ ማለዳ ያዘው። ሕመሙን ገና ከበር ሆኜ አወቅሁት፤ በዚያ ሳምንት ስንቱን ቀብሬበታለሁ። ኮሌራ ነበር።

በክንዱ ግሉኮስ ሰካሁለት፣ የጨውና የስኳር ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት። ሲናገር ከሩቅ የሚሰማ ሰው፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ዓይኑ ጎድጉዶ ድምፁ ጠፋ። እጄን ይዞ «እባክህ፣ እንዲህ ሆኜ ሰው አይየኝ» አለኝ። ገመድ ወጥሬ በብርድ ልብስ ጋረድሁት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለፈ። ጀንበር ሳትጠልቅ ሦስት ሆነን ኖራ ነስንሰን ቀበርነው። ከአልጋው አጠገብ ተደግፎ የነበረውን ጠመንጃ የድርጅቱ የፀጥታ ኃላፊ በጨርቅ ጠቅልሎ ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ ሬዲዮ ሊቀመንበራችን ከጠላት ጋር ሲፋለም በክብር ወደቀ አለ። የፀጥታ ኃላፊው ጠርቶኝ፣

«መሪ በተቅማጥ አይሞትም። ይገባሃል?» አለኝ።

ይገባኛል አልሁት። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤ ከእርሱ ጋር ነበር። ሰዉ ርስቱን ትቶ፣ ልጁን መንገድ ላይ ቀብሮ የመጣ ነው፤ የቀረው ተስፋ ያ ሰው ነው። ሱሪው እንደ ረጠበ ሞተ ብሎ መንገር ማንን ይጠቅማል አልሁ። ደግሞ የታማሚ ገመና ነው፤ እርሱ ራሱ ለምኖኛል። እናም ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቄን ግን አላመኑትም መሰለኝ፣ በሳምንቱ መጥተው ወሰዱኝ። በመጋዘኑ በር ላይ ኃላፊው «አፍህን ከያዝህ በቅርቡ ወደ ሕሙማንህ ትመለሳለህ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብሎ መከረኝ። የዚያ ቤት ዝንብ ግን ምሳሌውን አልሰማም ነበር።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ቆዩኝ። ሁለቱ ከድርጅቱ ሊጠፉ ሲሉ የተያዙ ታጋዮች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። ሦስተኛው አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጠጉሩና ጢሙ የተንጨባረረ፣ እጁ በሰሊጥ አጨዳ የሻከረ የአርማጭሆ ሰው ነው። ሀዋታ በምትባለው የሱዳን ከተማ አካባቢ ባሉት ሰፋፊ እርሻዎች በቀን ሥራ ሲተዳደር የኖረ ነው። የሊቀመንበሩ ታላቅ ወንድም መሆኑን የነገረኝ ራሱ ነው። መርዶውን ሰምቶ ወደ ድርጅቱ ቢሮ መጣ፤ ጥያቄ አበዛ፤ አሰሩት።

ቅማል በዝቶብን ዘበኛው ምላጭ ያመጣ ጊዜ ሁላችንም ተላጨን። እርሱ እንቢ አለ። «ደም አለብኝ» ብቻ አለ። በአገራቸው ወገኑ የተገደለበት ሰው ደሙን ሳይመልስ ጠጉሩን አይላጭም። ዘበኛው የዚያው አገር ልጅ ነበርና ምላጩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ወንድምየው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሐኪም ነኸ አሉ» አለኝ።

«ድሬሰር ነኝ፣ አያ።»

«ያው ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅኸ። ሰው ጦርነት ላይ ሲሞት ጠመንጃው ወዴት ይኸዳል?»

«ወደ ዘመዱ።»

«ወደ ዘመዱ። ጓዶቹ ይዘውት ይመጣሉ። ለቅሶው ላይ ይቀመጣል፣ ይፎከርበታል። እንግዲህ የወንድሜ ጠመንጃ ወዴት አለ? ሲወድቅ አብሮት የነበረ ሰውስ? አንድ ሰው መጥቶ እዚህ ጋ ነው የወደቀ ብሎ አልነገረኝም።» መሬቱን በጣቱ ጫረ። «ጦርነት ላይ አይዶለም የሞተ። ምክትሉ ነው ሻይ ውስጥ መርዝ አርጎ የገደለው። ወንበሩን ፈልጎ። ገበያው ሁሉ የሚያወራው ይኸንኑ ነው።»

ገበያው እንዲያ ያወራ እንደነበር እኔም ሰምቻለሁ። የጦር ሜዳውን ወሬ ያመነ ሰው ጥቂት ነበር፤ እውነቱን የነገረው ስላልነበረ ሰዉ የራሱን ሠራ። ምክትሉን አልወደውም ነበር፤ ነገር ግን ሊቀመንበሩ በሞተበት ቀን ሩቅ፣ ከከሰላ ከተማ ማዶ እንደነበር አውቃለሁ።

«አንተ መጠለያው ነበርኸ» አለኝ። «ወንድሜ መጥቶ ነበር? አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፣ አያ።»

ዓይኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቦታው ተመለሰ። አመነኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እኔም ሆዴን ታመምሁ። ኮሌራ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ፤ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም። ግን ቆሞ መሄድ አቃተኝ። ሁለቱ ታጋዮች ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወደ ማዶው ጥግ ሸሹ፤ አልፈርድባቸውም። ባልዲውን የሚያቀርብልኝ፣ የሚያወጣልኝ፣ ልብሴን የሚያጥብልኝ የሀዋታው ሰው ሆነ። በቀን ለሰው ሁለት ኩባያ ውሃ ነበር የሚሰጡን። አንዱን ኩባያውን እኔን ያጥብበት ነበር።

«ተወው፣ አያ» አልሁት። «ነውር ነው።»

«ምኑ ነው ነውሩ? ሆድ የሌለው ሰው አለ እንዴ?» እያለቀለቀ ነበር የሚያወራው። «አባታችንም በዚሁ ነው የሞተ። እኔና ወንድሜ ነነ ያጠብነው። አለቀስነ፣ ቀበርነ፣ ተዝካሩን አወጣነ። ማንን ከሰስነ? እግዜር በወሰደው ደም አይፈለግም።»

ያን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ወንድምህም እንደ አባትህ ነው የሞተው፣ እኔ ነኝ ያከምሁት ብል፣ አልቅሶ ተላጭቶ ወደ ሰሊጡ ይመለስ ነበር። የከለከለኝ የፀጥታ ኃላፊው ብቻ ቢሆን ዛሬ ራሴን ይቅር እለው ነበር። የከለከለኝ እፍረት ነው። እውነቱን ልንገረው ካልሁ አስቀድሞ መዋሸቴን ልነግረው ነው፤ ከላዬ ላይ እድፌን በሚጠርግ ሰው ፊት ውሸታም ሆኜ መታየት ከበደኝ። ነገ ትንሽ ስበረታ እነግረዋለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

በማግስቱ ከሀዋታ ሦስት ሽማግሎች መጡ። ከማለዳ ጀምሮ ከበሩ ውጭ በገለባው ዳስ ሥር ከፀጥታ ኃላፊው ጋር ተቀምጠው ሲነጋገሩ እንሰማቸዋለን። ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ምንም አያደርግም ብለው ስለ ሀዋታው ሰው ማሉ። በኋላ እንደሰማሁት እርሱ ራሱ አልማለም፤ ማንም ልብ አላለውም። እኩለ ቀን ሳይሆን ተጠራ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አለበሰኝ።

«ሰሊጡ ሲደርስ ሀዋታ ና። ለሐኪም ሥራ አይጠፋም» አለኝ።

ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል። «ደህና ግባ፣ አያ» ብቻ አልሁት።

በዘጠነኛው ቀን ዘበኛው ወሬውን አመጣ። ምክትሉ በአጃቢ ተከቦ ስለሚውል የሀዋታው ሰው ሊደርስበት አልቻለም። የምክትሉ ታናሽ ወንድም ግን ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከድርጅቱ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው፣ የሱዳኖችን ጀለቢያና የስደተኛ ልጆችን ሱሪ የሚሰፋ ሰው ነው። ስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ የሀዋታው ሰው ሁለት ጥይት ተኮሰበት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሱዳን ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቀ።

«ወንድም በወንድም» አለ ዘበኛው።

ያን ዕለት ምግቤን አልነካሁም። ታጋዮቹ ሕመሙ ያገረሸብኝ መሰላቸው።

ከዚያ ወዲያ ገበያው ታመሰ፤ ድርጅቱ ለሁለት ሊሰነጠቅ ሆነ። የፀጥታ ኃላፊው ተጽፎ ያለቀ ወረቀት ይዞ መጣ። በእኔ ስም ነው የተጻፈው። ሊቀመንበሩ ወደ መጠለያው ከቶ አልመጣም፣ በሥራ ላይ ሳለሁም አላየሁትም ይላል።

«ፈርምና ዛሬውኑ ሂድ» አለኝ። «ሕሙማኑ ይጠብቁሃል።»

እስክሪብቶውን ተቀበልሁት። ወረቀቱን ገለበጥሁና በጀርባው ላይ ጻፍሁ። ሊቀመንበሩ በመጠለያው ውስጥ በኮሌራ ሞተ። ያከምሁትም የቀበርሁትም እኔ ነኝ። መርዝ የለም፤ ጥይትም የለም። ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምሁ። ፊርማዬ የእኔ አልመስል ስላለኝ፣ ሰርዤ እንደገና አስተካክዬ ፈረምሁ።

ቆሞ አነበበው። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመታኝም።

«አሁን ማንን ልታድንበት ነው?» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወረቀቱ የት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሃያ ቀን በኋላ ድርጅቱ ተከፍሎ ግቢውን ሲለቁ በሩን ከፍተው ተዉን። እኔ በቀጥታ ወደ ገዳሪፍ እስር ቤት ሄድሁ። የሀዋታውን ሰው በሽቦ አጥር ማዶ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርሁት፤ መዋሸቴን አስቀደምሁ።

«ውሃ አልተነፈገም?» አለኝ ስጨርስ።

«በማንኪያ እየሰጠሁት ነው የሞተው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ልብስ ሰፊው ልጆች ነበሩት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስት።»

ዞሮ ሄደ። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው እስር ቤት ውስጥ መሞቱን ሰማሁ። በምን እንደሞተ ጠይቄ የነገረኝ የለም።

እኔ ዛሬም እዚሁ ገዳሪፍ ነኝ። በቅርቡ ከሁለት ወጣቶች ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ሬዲዮው ስሙ የታወቀ አንድ ሰው «ባደረበት ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» አለ። አንዱ ወጣት ሕመሙ የቤተሰቡ ገመና ነው፣ ማንን ያገባዋል አለ። ጓደኛው ደግሞ ገድለውት ነው እንጂ ለምን ይደብቁታል አለ። የመጀመሪያውን ልጅ አልነቅፈውም፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ እንዲያ አስቤ ነበር። ሊቀመንበሩ የለመነኝ ሰው እንዳያየው ነበር፤ ያንን በብርድ ልብሱ ፈጽሜለታለሁ። ዋሽልኝ ግን አላለኝም። ለሕዝብ የኖረ ሰው ሆዱ የራሱ ነው፤ የሞቱ ምክንያት ሲደበቅ ግን በምትኩ የሚመጣው ወሬ ሰው ይበላል።

ወጣቶቹ እኔ ምን እንደምል ጠበቁ። ስለ ልብስ ሰፊው ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ሊቀመንበሩን የገደለው ኮሌራ ነው፤ ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የልብስ ሰፊው የሞት ምክንያት ይጻፍ ከተባለ ግን፣ ከሀዋታው ሰው ስም ጎን የእኔም ስም መግባት አለበት።