የዘሃራ ቅልጥም

ባለፈው ጁምዓ ጓደኛዬ ሆዳን ለምሳ ጠርታኝ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ቤቷ ሄድኩ። ሩዙ ላይ የግመል ግልገል ቅልጥም ተጋድሞ ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። የልጅነቴ ድል ነዋ!

ያኔ እዚሁ የሶማሌዎች ከተማ ውስጥ፣ ዳሚ የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። እናቴ ከወሎ የመጣች፣ እኔ ሶማልኛ የሚያደናቅፈኝ፣ ክፍል ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የሌለኝ "ሐበሻዋ" ነበርኩ። አንድ ቀን መምህራችን የጥንት ሰው ምን ይበላ እንደነበር አስተማረን። መጀመሪያ ፍሬና ሥራሥር፤ ኋላ አውሬ የተወውን አጥንት በድንጋይ እየሰበረ መቅኒ መምጠጥ፤ እሳት ላይ መጥበስማ ከስንት ዘመን በኋላ። ነገ በየቡድናችሁ የጥንት ሰው የሚበላውን ይዛችሁ ትወዳደራላችሁ፣ ቢላ ክልክል ነው አለን። ሆዳን ወደ ቡድኗ ስትስበኝ ሌሎቹ "ለእሷ ምንም ሥራ እንዳትሰጧት፣ ታበላሻለች" ሲሉ ሰማሁ። ከተሸነፍን ያለችኝን አንድ ጓደኛ ላጣ ነው!

እናቴ ይህን ስትሰማ ከምትሠራበት ምግብ ቤት ቅልጥም ይዛልኝ መጣች። ጥሬውን ማን ይበላዋል ብላ ፍም ላይ ለብለብ አደረገችውና የወፍጮዋን መጅ አስያዘችኝ። "ቅልጥም በጉልበት አይሰበርም፤ ወገቡን ፈልጊለት" አለችኝ።

በማግሥቱ ሌላው ቡድን ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? የግመል ወተት! ከግመል ወተት በፊት ምን ምግብ አለ ብለው ድርቅ አሉ። መምህራችን "የዱሯን ግመል ማን ደፍሮ አለባት?" ሲላቸው ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ተራው የእኛ ሆነ። የቡድናችን ጉልበተኛ ዓሊ ቅልጥሙን ቀምቶኝ በድንጋይ ቢወቅጠው፣ ቢወቅጠው እየተንሸራተተ አሳፈረው። ተቀበልኩት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋድሜ ወገቡን ዙሪያውን መታ መታ አደረግኩና፣ ቢስሚላህ ብዬ መጄን አሳረፍኩበት። ቷ! ለሁለት ተከፈለ፤ ቅቤ የመሰለው መቅኒ ብቅ አለ። ልጆቹ እጃቸውን ሲሰዱ ከለከልኳቸው። በቤታችን መቅኒ አስቀድሞ ለትልቅ ሰው ነው፤ ለመምህሬ በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ቀመሰና "ማሻአላህ! የዘሃራ ቡድን አሸነፈ" አለ። ዘሃራ አለኝ እኮ! ከዚያ ቀን ወዲያ ሐበሻዋ ቀረች።

የዛሬ ልጆቻችን ዶሮውን እንኳ ያለ አጥንት ካልሆነ አይነኩትም፤ የጥንቱ ሰው ቢያያቸው ያዝንላቸው ነበር። የሆዳን ባል ግን በዚያ የጁምዓ ምሳ ላይ ጀግና ነኝ ብሎ ቅልጥሙን ለመስበር መዶሻ አነሳ። ሆዳን ከጓዳ ጮኸችበት፦

"ተወው አንተ! ለዘሃራ ስጣት!"