ወረቀቱ ላይ ይቃናል

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አሰላ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ሐይቅ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል፤ እኔም ጠቅ አደርጋለሁ። ሰለቸኝ። በዚያ የወጣትነት ዕድሜዬ ደግሞ ሙያዬ ለከተማዋ የሚበዛባት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ትልቁን ካሜራዬንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን በበቅሎ ጭኜ ወደ ጢቾ በሚወስደው መንገድ ወጣሁ።

ዳገቱ ላይ አንድ ጎጆ አየሁ። ከጀርባው የገብስ ማሳ እስከ ጫካው ጫፍ ይወጣል። ማቆሚያውን ገና ስተክል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። ሰላም እንኳ አላሉኝም። ዞር ዞር ብለው ሦስቱን እግሮች አንድ በአንድ አዩ።

«ገመዱን የት ደበቅከው?» አሉኝ።

ገመድ ያሉት የመሬት መለኪያውን ነው። ለካ ከጥቂት ዓመት በፊት ባለ ሦስት እግር ዕቃ ይዘው የመጡ ቀያሾች የታችኛውን ማሳቸውን ለአንድ የአዲስ አበባ ባለመሬት ለክተው ሰጥተውባቸዋል።

«ቀያሽ አይደለሁም አባባ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

አላመኑኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬ በሆዴ ሳቅሁባቸው። እንዲያምኑኝ ብዬ ጥቁሩን ጨርቅ ገለጥኩና ከካሜራው ኋላ ባለው መስታወት እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። ጭንቅላታቸውን አስገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ቤቴን ገለበጥከው» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ መስታወቱ ላይ ሁሉም ነገር ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። «አይስጉ፣ ወረቀቱ ላይ ይቃናል» አልኳቸው። እያቅማሙ ደጃፋቸው ላይ ቆሙልኝ።

ፎቶው አማረ። በትልቁ አጥቤ መስኮቴ ላይ ሰቀልኩት፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ሲያየው ልቤ ያብጣል። በሳምንቱ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ገባ። የዚያው ባለመሬት ወኪል መሆኑን አውቃለሁ። እጅህ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም አለኝ። ሽማግሌውን ግን አላያቸውም፤ ጣቱ የሚሄደው ከጎጆው ጀርባ ባለው ገብስ ላይ ነበር።

«ይህ ማሳ የት ነው?» አለ።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል። ጠርጥሬያለሁ፣ ወላሂ ጠርጥሬያለሁ። ነገር ግን ሙገሳው ጣፈጠኝና መንገዱን ከነመታጠፊያው ነገርኩት። ፎቶውንም ጠቅልሎ ወሰደ።

ከክረምቱ በኋላ ሽማግሌው ፎቶ ቤቴ መጡ። እሳቸው ጫካውን መንጥረው ያቀኑት የላይኛው የገብስ ማሳ ወኪሉ ከቶ የማያውቀው ነበር። ፎቶዬን በእጁ ይዞ፣ ቀያሾቹን እየመራ አስለካው። እሳቸውን አስነሡ፤ ጎጆዋም ፈረሰች። ይህን ሁሉ ሳይቆጡ ነገሩኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ቀያሽ አይደለህም፤ መሐላህስ እውነት ነው» አሉ። «ቤቴን ግን ስጠኝ።»

ፊልሙ እኔ ዘንድ ስለነበር ሌላ አጥቤ ሰጠኋቸው። አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አዩት፤ ጎጆዋም እሳቸውም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብለው ላዩን ወደ ታች ገልብጠው ወደ እኔ አዞሩት።

«እኔ ያን ቀን ያየሁት ይሄንን ነበር» አሉኝ።