ከጉጉቱ ላይ የተነሳው አዞ

አክስቴ የትምህርት ቤታችን የናሙና ክፍል ጠባቂ ናት። ገለባ የተሞሉ ወፎች፣ በመርፌ የተሰኩ ቢራቢሮዎች፣ የአዞና የጅብ ራስ ቅሎች፣ ሁሉም በእሷ እጅ ናቸው። ተማሪዎቹ «የወፎቹ እናት» ይሏታል። ትቆጣለች፤ ቁጣዋ ግን ለወጉ ያህል ነው። አቧራ የነካው ጉጉት ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

እኔ እዚያው ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አዲስ ነገር አመጣሁ፤ ጥቁርና ነጭ ምልክት ባላት፣ መስታወቱ ላይ በተለጠፈች ካርድ ፊት ስልክ ሲደቀን፣ የናሙናው እንስሳ ስክሪኑ ላይ ነፍስ ዘርቶ ይንቀሳቀሳል። ርዕሰ መምህሩ ወሬው ደረሳቸውና፣ «ስልኩ ካሳየማ ክፍሉ ምን ይሠራል? ለተሰባበሩት ወንበሮች ማስቀመጫ እናድርገው» አሉ። አንድ ትምህርት አይተው ሊወስኑ ቀን ቆረጡ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ እህል አልወርድ አላት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ቆሙ። አንዲት ተማሪ ስልኳን የጉጉቱ ካርድ ላይ አነጣጠረች። አዞ! አፉን በርግዶ ጉጉቱ ራስ ላይ ጉብ አለ። ቢራቢሮዎቹ ጋ ደግሞ ጅብ። ክፍሉ በሳቅ ሲናጋ እኔ ወደ አክስቴ ጠጋ አልኩ።

«አክስቴ፣ ካርዶቹን ነክተሻል?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ታዲያ እንግዳ ሲመጣ መስታወት አይወለወልም? አንስቼ ወለወልኩና መልሼ ለጠፍኳቸው። ሁሉም ያው ጥቁርና ነጭ አይደሉም እንዴ?»

ሌላ መላ ስላልነበረኝ ተማሪዎቹን፣ «በሉ፣ እያንዳንዱን ካርድ ወደ ባለቤቱ መልሱ» አልኳቸው። አዞና ጅቡ ወዲያው ቦታቸውን አገኙ። ሁለት የሚመሳሰሉ ጭልፊቶች ግን የትኛው ካርድ የየትኛው እንደሆነ አጨቃጨቁ።

«የዚህኛው ጅራት ይረዝማል!»

«ስልኩ ላይ ስለዘረጋው ነው እንጂ!»

«እትዬ፣ እባክዎ ያውጡልን፣ ከሥር እንየው!»

አክስቴ ቁልፏን አወጣች። ጭልፊቶቹ ጠረጴዛ ላይ ሲወጡ ተማሪው ሁሉ ከበባቸው። ርዕሰ መምህሩም መነጽራቸውን አውልቀው መሃል ገቡና፣ «ጥፍሩን እዩ እንጂ!» እያሉ ተከራከሩ። ተሸነፉም።

ሲወጡ በሩ ላይ አክስቴን ዞር ብለው አዩዋት።

«ለወንበሮቹ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። እርስዎ ግን የሌላው ክፍል ተማሪዎች ሳይገቡ ካርዶቹን እንደገና ያደባልቁልን።»

እኔ እፎይ ብዬ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አክስቴ ጭልፊቶቹን መለሰች፣ ቆለፈች፣ መስታወቱ ላይ የቀረውን የጣት አሻራ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ የሚቀመስ ነገር ይዘሻል? ራበኝ።»