የእትዬ ወርቄ እጣቢና የእኛ ሴት አኩሪ

ባለፈው ቅዳሜ ከትንሿ ልጄ ጋር ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሰሚት ታክሲ ስንጠብቅ፣ አንድ አትክልተኛ ጎማውን ዘርግቶ በመንገዱ አካፋይ ላይ የተተከሉትን ቅጠላቸው የተንዘረፈፈ ቀያይ አበቦች ያጠጣ ነበር። ውሃው ደረቁን አፈር ሲነካ የተነሣው ሽታ ሳላስበው ወደ አበባው ሳበኝ። ልጄ ፎቶ አነሳችና "አባዬ፣ ካና ነው የሚባለው" አለችኝ፤ ስልኳ ነግሯት ነው። እኛ ሰፈር ግን ስሙ ሴት አኩሪ ነበር። እናቴን አኩርቷታል፤ ከጎረቤትም አጣልቷታል።

ያደግሁት ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ዛሬ ፎቅ የበቀለበት፣ ያኔ ግን ላም ይግጥበት የነበረ ቁልቁለት ላይ ነው። ከእኛ ግቢ በላይ የእትዬ ወርቄ ግቢ ነበር። የልብስና የዕቃ እጣቢዋ በቆርቆሮ አጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ እኛ ይወርዳል። እናቴ አጥሩ ሥር ቆማ "ወርቄ! ግቢዬን ረግረግ አደረግሽው እኮ!" ስትል፣ እትዬ ወርቄ ከላይ "ታዲያ ውሃ ሽቅብ ይፍሰስልሽ?" ብላ ትመልሳለች። በጭቅጭቁ መሐል አውሮፕላን ካለፈ ሁለቱም አፋቸውን እንደከፈቱ ይጠብቁና፣ ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። እኛ ልጆች ማን ቀድማ እንደምትጀምር እንወራረድ ነበር።

አባቴ ሽምግልናው ሲታክተው፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ዝንጅብል የመሰለ ሥር በጆንያ ይዞ መጣና እጣቢው በሚገባበት መስመር ተከለው። በአንድ ክረምት ቁመቱ ከእኔ በለጠ። የሳሙና ውሃ እየጠጣ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ኮባ ሲጠፋ እናቴ ቅጠሉን እሳት አሳይታ ታለሰልስና ድፎ ዳቦ ትጋግርበታለች፤ እኛም የአበባውን ሥር እየመጠጥን ማሩን እንቀምሳለን። ከሁሉ የምንወደው ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ጥቁር ፍሬ ነበር፤ በጣሳ ከተን እናንሿሿዋለን፣ በወንጭፍም የእትዬ ወርቄን ጣሪያ እንደበድብበታለን። ይህን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ታላቅ እህቴ አልማዝ ለጥር ልትዳር ሆነ። እናቴ የዳሱን በር በሴት አኩሪ አበባ አስጌጣለሁ፣ ዳቦውንም በቅጠሉ እጋግራለሁ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረች። በኅዳር ግን እጣቢው ቀረ። እትዬ ወርቄ በእሷ በኩል በጭቃ ገድባዋለች። ቅጠሉ ከዳር ከዳሩ ቢጫ ይሆን ጀመር። የቦኖ ውሃ በጀርባ ተሸክመን የምናመጣው ስለሆነ ለአበባ አይተርፍም። ስንት ዓመት ስትረግመው የኖረችውን እጣቢ ወጥታ መለመን ደግሞ እናቴ ሞቷ ነው። አንድ ጠዋት አልማዝ የተንጠለጠለውን ቅጠል በእጇ ይዛ "የእኔ ነገር እንዲህ ደርቆ ይጀመር?" ስትል ሰማኋት። በጣም ነበር የምወዳት።

በማግስቱ እሑድ፣ እትዬ ወርቄ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ብዬ በአጥሩ ሥር ብረት ሰድጄ ግድቡን ነደልኩት። የስንት ሳምንት እጣቢ ከነአረፋው ተንዶ መጣ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ከጭቃው ጋር ትንንሽ አረንጓዴ ችግኞች ከነሥራቸው እየተንሳፈፉ ወረዱ። ወዲያው በአጥሩ ላይ የእትዬ ወርቄ ራስ ብቅ አለ። ለካ አልሄደችም።

"አንተ ወንበዴ! ችግኞቼን ፈጀሃቸው!"

እናቴ ከጓዳ ወጣች። እትዬ ወርቄ ዞረችባት። "ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሥር ስጪኝ ብልሽ 'ገና አልጠነከረም' አልሽኝ! ይኸው ልጆችሽ ጣሪያዬ ላይ የሚያዘንቡትን ፍሬ ለቅሜ፣ በድንጋይ ፍቄ፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ አበቀልኩ። በገዛ እጣቢዬ ላጠጣ ብል፣ እሱንም ልጅሽ ናደው!"

እኔ የክፋት ግድብ መስሎኝ የናድኩት የአንዲት ሴት ጓሮ ነበር። እናቴ ለእንግዳ ያላትን የምታወጣ ሴት ነበረች፤ በዚያ አበባ ግን ንፉግ ነበረች፤ ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። ያን ቀን አውሮፕላን እንኳ አላለፈላትም።

አባቴ አልገረፈኝም። ዶማ አቀበለኝና "ቆፍር" አለኝ። ሴት አኩሪውን ስቆፍረው ሥሩ እርስ በርሱ ተደራርቦ፣ መሐሉ በስብሶ አገኘነው። አባቴ የበሰበሰውን አንስቶ ለእናቴ አሳያትና "ውሃ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ባይከፈል ጊዜ ራሱን አንቋል" አላት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት ለቃቅሜያለሁ፤ ከዚያ ሥር የበለጠ ያስተማረኝ መጽሐፍ ግን ትዝ አይለኝም። ከደህናው ሥር እኩሌታውን በሳፋ ተሸክሜ ወደ እትዬ ወርቄ ግቢ ወጣሁና በገዛ እጄ ተከልኩላት። እሷም ራሴ ላይ ቆማ "ጠለቅ አድርገው! እንደ እናትህ አትሰስት!" ትለኝ ነበር። ማታ አባቴ ከእሷ ተክል ወደ እኛ የሚወርድ ቦይ ቀደደ።

በሠርጉ ቀን በዳሱ በር የቆሙት አበቦች አራት ብቻ ነበሩ፤ እንደታሰበው አልሆነም። አዲስ ቅጠል ግን ሞልቶ ነበር፣ ዳቦውንም እትዬ ወርቄ በእሷ ግቢ ጋገረችው። ዳቦው ሲቆረስ ለወንዱ ወገን "ቅጠሉ በእኔ ውሃ ያደገ ነው" ስትል፣ እናቴ ከማዶ "ውሃ አትበይው፣ እጣቢ በይው!" አለቻት። አልማዝ ከነቬሏ ሳቀች።

አሁን የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የላይኛው ጎረቤቴ እጣቢ በመታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ ውስጥ በቱቦ ይወርዳል። አይሸትም፣ አያረጥብም፣ አያጣላም። ሰውየው ስንት ሰዓት ገላውን እንደሚታጠብ፣ ቅዳሜ ልብስ እንደሚያጥብ ከድምፁ አውቃለሁ። ስሙን ግን አላውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም ብዬ ለልጆቼ ስወቅሰው ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አላንኳኳሁም።