ላምቤቦ የጠገበበት ቀን

ልጆቹ ዛሬ አተካና እየጎረሱ «አያቴ፣ አንቺ ለምን አትበዪም? ዛሬስ ካልነገርሽን አንለቅሽም» ብለው ያዙኝ። ቅቤ ሲቀልጥ ሽታው ወደ ልጅነቴ ይወስደኛል፤ እዚያ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ላምቤቦ አለ።

እንሰታችን ጠውልጎ ያለቀበት ዓመት ነበር። ላምቤቦ ከመክሳቱ የተነሳ ማልቀስ እንኳ ትቷል። አንድ ቀን አክስቴ ከቦኖሻ ቅቤና ወተት ይዛ ደረሰች። እኛ ሐድያዎች የምንወደውን ሰው የምናከብረው በአተካና ነው፤ እናቴ የቀረችንን ቡላ በወተትና በቅቤ አብስላ ለላምቤቦ አቀረበችለት።

«ብላ የኔ ጀግና! ይቺ እህትህ ሳትቀማህ» አለችው አክስቴ፣ በዓይኗ እየጠቀሰችኝ።

ሳህኑን ጠርጎ በላ፤ ሳቀም። በማግስቱ እግሩ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ እናቴ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ዝም አለ።

ለቀስተኛው «ጠግቦ እኮ ነው የሄደው» እያለ አጽናናት። እሷም እስክትሞት ድረስ በዚያው ተጽናናች። እኔ ግን ሰው ጠግቦ እንዴት እንደሚሞት አልገባኝም ነበር።

ስንት ዘመን ቆይቶ ነርስ የሆነችው የልጅ ልጄ ነገረችኝ። ረሃብ ሲበረታ በሴሎቻችን ውስጥ ምግቡን ወደ ጉልበት የሚለውጡት ኢንዛይሞች ሥራቸውን ይቀንሳሉ አለች፤ ሰውነት ያለችውን ለመቆጠብ ነው። ብዙ ምግብ ድንገት ሲገባ ሁሉም ባንዴ ይነሱና የደሙን ማዕድን ይሻሙበታል፤ ልብም ይደክማል። ላምቤቦን ሊያድነው ይችል የነበረው በማንኪያ፣ በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ ቀጭን ወተት ነው። ከአተካናው የተረፈው ወተት ያን ቀን ቅሉ ውስጥ ነበር።