የኢክራም የሳይንስ መጽሐፍ

ዛሬ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ ጎን ለጎን ገልጬ አየሁ። አንድ ምዕራፍ እንኳን አይገናኝም።

ዘንድሮ ሦስቱንም ልጆቼን ከትምህርት ቤት አውጥቼ፣ አቦከር ሰፈር ባለው ቤታችን ራሴ ነኝ የማስተምራቸው። የኬጂውና የሦስተኛ ክፍሏ መጽሐፍ ቶሎ ተገኘ። የትልቋ፣ የኢክራም ግን ጠፋ።

ሸዋ በር ገበያ ያገኘሁት መጽሐፍ ሻጭ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አውጥቶ «ያው ነው እናቴ፣ ሽፋኑ ብቻ ነው የተቀየረው» አለኝ።

ቲማቲም አንድ በአንድ አገላብጬ የምገዛ ሴትዮ፣ መጽሐፉን ሳልገልጥ ይዤ ሄድኩ።

ወራት ሙሉ እሱን አስተማርኳት። ትምህርት ቤት የምትማር ጓደኛዋ ዛሬ አዲሱን ይዛ ባትመጣ ኖሮ አሁንም እያስተማርኳት ነበር።

ኢክራም አልደነገጠችም። ቀድማ እንደምታውቅ ገባኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በመጀመሪያው ሳምንት፣ የጓደኛዬን መጽሐፍ አይቼ። ደስ ብሎሽ ስታስተምሪኝ ሳይ እንዳታዝኚ ብዬ ዝም አልኩ፣ ኡሚ።»

የስምንተኛ ክፍል የክልል ፈተናዋ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ወላሂ፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

አዲሱን መጽሐፍ የምታውሱኝ ካላችሁ በአላህ ጻፉልኝ። የእናንተስ ልጆች፣ እናንተን ላለማሳዘን ብለው ዝም ያሉት ነገር ምንድን ነው?